የጦርነት ልብ ወለዶቻችንን አትሰርዙብን

ግልጽ ደብዳቤ፦ በወሎ ላላችሁ የትምህርት መምሪያ ኃላፊዎች፣ ርእሳነ መምህራን እና ሰው ለምትመሩ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ፤ አሰላሙ አለይኩም።

ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። 22 ዓመት ሆነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ደመወዝ አይደለም። ስለ መጽሐፍ ነው፤ በተለይም ስለ ጦርነት ስለተጻፉ ልብ ወለዶች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ለቤተ መጻሕፍታችን የሚገዙ መጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጅቼ ለሚመለከተው ሰው ወሰድኩ። ሰውየው ዝርዝሩን አየና እስክሪብቶውን አንሥቶ ሦስቱን ሰረዛቸው። ሦስቱም የጦርነት ታሪኮች ነበሩ። "ልጆቹ ገና ቁስላቸው አልደረቀም። ለምን ትነካካባቸዋለህ?" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ከልቡ ነው ያለው። እኔም አፌን ይዤ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያኔ ያልመለስኩትን መልስ አሁን ልጻፈው።

የልጆቻችንን ቁስል አውቃለሁ። አብሬያቸው ነበርኩ። በ2013 ክረምት ከራያ ቆቦና ከወልድያ የተፈናቀሉ ወገኖች የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልተዋቸው ነበር። እኔ ግጥም ሳስተምርበት በነበረው ክፍል፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር፣ ሽሮ ይንተከተክ ነበር። በጥቅምት 2014 ደግሞ ተረኞቹ እኛ ሆንን። ያን ቀን ከሰፈሬ የወጣው ሰው አብዛኛው ተኩስ ሰምቶ አልነበረም። ወሬ ሰምቶ ነው። ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይባል የለ? አንዱ "ገብተዋል" ይላል። ሌላው "ማንም አልገባም፣ ተረጋጉ" ይላል። የሚታመን ድምፅ ጠፋ። እናቴ ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልላ፣ ሌላውን ሁሉ ትታ ወጣች። እኔ ኪሴ ውስጥ የቀረልኝ የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ነበር።

በታኅሣሥ ስንመለስ ቁልፉ ነበረኝ፤ በሩ ግን አልነበረም። መደርደሪያዎቹ ተነቅለዋል። ወለሉ ላይ መጻሕፍት ተነጥፈው ተተኝቶባቸዋል። ጥግ ላይ የአመድ ክምር አለ። ማን እንዳደረገው ለመጻፍ አልተነሣሁም። ከአመዱ አጠገብ ስላገኘሁት ነገር ልንገራችሁ። የበዓሉ ግርማ "ኦሮማይ" ነው። ሽፋኑ የለም። የፊት ገጾቹም ተገንጥለዋል። መሀል ላይ ግን የአንድ ገጽ ጥግ በጥንቃቄ ታጥፏል። ሰው ሲያነበው ነበር። ያ ሁሉ ሲነድ ይችን አንዷን ለይቶ ያቆየ፣ ነገ እቀጥላታለሁ ብሎ ያጠፋት ሰው ነበር። የየትኛው ወገን ልጅ እንደሆነ ለእኔ ለውጥ የለውም።

መጽሐፏን በዱቄት ሙጫ ለጠፍኳት። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ለበድኳት። የንባብ ክበባችን የተጀመረው በእሷ ነው።

"ኦሮማይ" በ1975 ነው የታተመው። መነሻው በ1974 ኤርትራ ውስጥ በሻዕቢያ ላይ የተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። በዓሉ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሄዶ ዘመቻውን በዓይኑ አይቷል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም የፕሮፓጋንዳው ኃላፊ ነው። እንጀራው ድልን ማብሰር ነው። ድሉ ሳይመጣ ብሥራቱ ይጻፋል፤ ፖስተሩ ይሰቀላል፤ ሰልፉ ይደምቃል። በመጨረሻ ሰውየው ራሱ ናቅፋ ተራራ ሥር ይደርሳል። እዚያ ያለው እውነት ሌላ ነው። ተራራው መግለጫ አያነብም። ልጆቹ ይወጣሉ፤ ልጆቹ ይወድቃሉ።

ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ ወጣ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በየካቲት 1980 እዚያው ናቅፋ ግንባር የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በገዛ መንግሥታቸው ተረሸኑ። ወር ቆይቶ፣ በመጋቢት 1980፣ የዕዙ መቀመጫ አፍአበት ወደቀ። ያ ሁሉ ጦር ተበተነ። እዚያ ከቀሩት ውስጥ የወሎ ልጆች ስንት ነበሩ? በየቀበሌው እናቶችን ጠይቁ። አሁንም በር በሩን የሚያዩ አሉ። "ኦሮማይ" ይህን ሁሉ አልተነበየም። በሽታውን ግን ቀድሞ አሳይቶ ነበር። መርዶ መስማት የማይፈልግ አለቃ፣ መርዶ የሚናገረውን ሰው ያጠፋል። ከዚያ ማንም አይነግረውም። ከዚያ ተራራው ራሱ ይነግረዋል፤ ያኔ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

እነዚህን መጻሕፍት ለልጆች የምፈልጋቸው ለዚህ ነው። እነዚህ ልጆች ነገ ቀበሌ ይመራሉ፤ ባንክ ይመራሉ፤ መቶ አለቃ ይሆናሉ፤ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ይሆናሉ። እውነትን ወደ ላይ ማድረስና ከታች የሚመጣን እውነት መስማት ከየት ይማሩት? ክፍል ውስጥ የምንሰጣቸው የአመራር ትምህርት "የጥሩ መሪ ባሕርያት" ብሎ ሰባት ነጥብ ይደረድራል። ልጆቹ ለፈተና ይሸመድዱታል። ፈተናው ሲያልቅ እሱም ያልቃል።

አንድ ቀን የቶልስቶይን "ጦርነትና ሰላም" ይዤላቸው ገባሁ። በሳምንት አንድ ሰዓት ለዚያ ሁሉ ገጽ አይበቃም። አንዱን ታሪክ መርጬ፣ እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ ተረኩላቸው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1805 ነው። ሩሲያ ከናፖሊዮን ጦር ጋር ትዋጋለች። ሾንግራበርን በተባለ ቦታ ቱሺን የሚባል የመድፈኛ መኮንን አለ። ትንሽዬ ሰው ነው። ደረት ነፍቶ መሄድ አያውቅበትም። መጀመሪያ ስናገኘው ቦት ጫማውን አውልቆ፣ በካልሲ ቆሞ፣ አለቃ ይቆጣዋል። ጦርነቱ ሲጀመር ግን ያ ሰው ፒፓውን እንደያዘ በመድፎቹ መሀል እየተሯሯጠ የፈረንሳይን ጦር ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ሊጠብቀው የተመደበው እግረኛ ጦር ተነሥቶ ሄዷል። "አፈግፍግ" የሚለውን ትእዛዝ ይዞ የተላከው መኮንን ፈርቶ መንገድ ላይ ቀርቷል። ቱሺን ይህን ሁሉ አያውቅም። ይተኩሳል።

ማታ ጄኔራሉ ባግራቲዮን ያስጠራዋል። መኮንኖቹ ሁሉ ተሰብስበዋል። "መድፍ ለምን ጥለህ መጣህ?" ብሎ ያፋጥጠዋል። ቱሺን "የሚሸፍነኝ ጦር አልነበረም" ማለት ይችል ነበር። እውነትም ነው። ግን ያን ካለ ሌላ መኮንን ሊቀጣ ነው። ስለዚህ ዝም ይላል። ፈተና እንደጠፋበት ተማሪ የአለቃውን ፊት እያየ ይቆማል። ያኔ ልዑል አንድሬይ ከተቀመጠበት ይነሣል። እኔ እዚያ ነበርኩ ይላል። ከሰዎቹና ከፈረሶቹ ከሦስት ሁለቱ እጅ አልቋል፤ ሁለት መድፎች ተሰባብረዋል፤ የሚሸፍን ጦር የሚባል አልነበረም። የዛሬው ቀን የተሳካልን ከማንም በላይ በዚህ ሰው ነው። ይህን ብሎ ወጣ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። ታላቅ ወንድሟ ሄዶ ያልተመለሰ ልጅ ናት። "ቲቸር፣ አንድሬይ ባይኖርስ?" አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ተሸክሜ ነው የምዞረው። አንድሬይ ባይኖር የቀኑ ጀግና በጥፋተኝነት ይመዘገብ ነበር። ትእዛዙን ያላደረሰው መኮንን ደግሞ ንጹሕ ሆኖ ያድራል። ባግራቲዮን መጥፎ ጄኔራል አይደለም፤ ቶልስቶይ ራሱ በአክብሮት ነው የሳለው። ግን ከፊቱ የቆመው ሰው እንዲናገር አላመቻቸውም። እናንተ ቢሮ ውስጥስ ስንት ቱሺን ቆሞ ወጥቷል? ጫማው አቧራ የለበሰ፣ ከገጠር የመጣ፣ አንገቱን የደፋ፣ ስብሰባ ላይ መናገር የማይሆንለት። የሚያውቀውን ሳይናገር የሄደ። ስለ ጦር ሜዳ ብቻ እያወራሁ አይደለም፤ ስለ ሪፖርትም ነው። "መቶ በመቶ ተከናውኗል" የሚል ሪፖርት ከታች ሲመጣ፣ መንገድ ላይ የቀረው መልእክተኛ ትዝ ይበላችሁ።

የሬማርክን "በምዕራቡ ግንባር አዲስ ነገር የለም" ሳነብ ደግሞ ራሴን ነው ያገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1929 የታተመ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለዘመቱ ጀርመናውያን ወጣቶች የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። እዚያ ውስጥ ካንቶሬክ የሚባል መምህር አለ። ተማሪዎቹን "አትዘምቱም ወይ?" እያለ በንግግር አቅልጦ፣ ክፍሉን በሙሉ ሰብስቦ ይመዘግባቸዋል። ዮዜፍ ቤም የሚባል አንድ ልጅ አመንትቶ ነበር። አፍሮ ከሌሎቹ ጋር ሄደ። ከክፍላቸው መጀመሪያ ከሞቱት አንዱ እሱ ነው። ካንቶሬክ ክፉ ለመሥራት አላሰበም። ያመነበትን ነው የተናገረው። ግን ዋጋውን የከፈለው እሱ አልነበረም። እኔም መምህር ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ ምን እንዳልኩ፣ ልጆቹ ፊቴን አይተው ምን እንደወሰኑ አስባለሁ። ይህን ገጽ ለመምህራን ስብሰባ ጮክ ብዬ ባነበው ደስ ይለኛል።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ፓውል ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ሳለ አንድ ፈረንሳዊ ወታደር ላዩ ላይ ይወድቅበታል። በጩቤ ይወጋዋል። ሰውየው ወዲያው አይሞትም። ሰዓታት ይወስዳል። ፓውል ውሃ ያጠጣዋል፤ ቁስሉን ያስርለታል፤ ይቅርታ ይጠይቀዋል። ሲሞት የኪስ ደብተሩን አውጥቶ ያያል። ስሙ ዤራር ዱቫል ነው። ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነው። ሚስትና ልጅ አለው። ይህን ሳነብላቸው አንድም ልጅ አልሳቀም፤ ስልኩን የነካም የለም።

አንድ ተማሪዬ ደግሞ "ኤንደርስ ጌም"ን አነበበ። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ የኦርሰን ስኮት ካርድ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። የጦር ትምህርት ቤት የገባ ሕፃን በጌም እየሠለጠነ ያድጋል። የመጨረሻ ፈተና የመሰለው ጨዋታ እውነተኛ ጦርነት ሆኖ ይገኛል። የሌላ ዓለም ፍጡራን ዘር በሙሉ ጠፍቷል። ትልልቆቹ ይጨፍራሉ፤ ልጁ ይታመማል። ተማሪዬ "ቢነግሩት እሺ እንደማይል ስላወቁ ነው የደበቁት" አለኝ። ድሮን በሰማያችን ላይ በሚዞርበት ዘመን ያደገ ልጅ ነው። ከስክሪን ጀርባ ሰው እንዳለ ማንም አላስተማረውም። ከልብ ወለድ ተማረው።

"ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ እኛ የራሳችን የለንም ወይ?" ለሚል፣ አለን። አማርኛ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ሲጽፍ እንኳ በጦርነት ነው የጀመረው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ "ልብ ወለድ ታሪክ"፣ ብዙዎቻችን "ጦቢያ" የምንለው፣ በ1900 ሮም ላይ ታተመ። የሚነሣው ከተሸነፈ ጦርና ከተማረከ የጦር አለቃ ነው። ከድል አልጀመረም። ከዋግ የተወለደው ማሞ ውድነህም ዕድሜውን ሙሉ የስለላና የጦርነት መጻሕፍትን ወደ አማርኛ ሲመልስ ኖሯል። የእኔ ዘመን ልጅ ማንበብ የለመደው በእሱ ነው።

ፉከራና ሽለላም አለን። እወደዋለሁ፤ ሠርግ ላይ ስሰማው ፀጉሬ ይቆማል። ፉከራ ግን የገዳይን ነገር ነው የሚናገረው። የሟችን ነገር የምትናገረው ሙሾ አውራጇ ናት። ሁለቱ አንድ ድንኳን ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። ልብ ወለድ ያገናኛቸዋል። ፎካሪውንም አልቃሿንም አንድ ገጽ ላይ ያስቀምጥና አዛዡን "አሁን ወስን" ይለዋል። ሌላ ቦታ ይህን አላገኘሁም። ምናልባት አስታራቂ ሽማግሌዎቹ አበጋሮቻችን ሲቀመጡ ይመስለዋል። ቡናው ይፈላል፤ ዱአ ይደረጋል፤ የበደለውም የተበደለውም እስኪጨርስ ይሰማል።

ከተማሪዎቼ አንዱ የተንታ ልጅ ነው። መቅደላን ከሕፃንነቱ ያውቃታል። ቶልስቶይ ራሱ በወጣትነቱ መድፈኛ መኮንን ሆኖ ሴባስቶፖል ላይ፣ በክራይሚያው ከበባ፣ እንደተዋጋ ስነግረው ዓይኑ ፈጠጠ። ያ ስም እነሱ አምባ ላይ አለ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ነው የሚባለው። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ፣ ገደሉን መንገድ እያደረጉ፣ ለወራት በሰው ጉልበት ጎትተውታል። በሚያዝያ 1860 የእንግሊዝ ጦር ሲመጣ መድፉ ቀኑን አልለወጠውም። ዛሬም እዚያው ተቀምጧል። ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ገጽ ጽፎ መጣ። ስለ ንጉሡ አይደለም። ገመዱን ስለያዘ አንድ ገበሬ ነው። መዳፉ ተልጦ ደሙ ገመዱን ያሟልጨዋል። ከፊቱ ያለውን ሰው ጀርባ እንጂ መድፉን አያየውም። መድፉ ምን እንደሚሠራ የነገረውም የለም። ሲመሽ "ስንት ቀን ቀረን?" ብሎ ይጠይቃል፤ አለቃው "ጎትት" ይለዋል። በ17 ዓመቱ ነው የጻፈው። ስለ አመራር ይህን ያህል የሚነግረኝ የሥልጠና ሰነድ አላጋጠመኝም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የጦርነት ልብ ወለዶችን ከዝርዝር አትሰርዙ። ለየትምህርት ቤቱ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ አምስት አምስት ቅጂ ይበቃናል፤ ተራ ገብተን እናነባለን። በሳምንት አንድ ሰዓት ስጡን። ያን ሰዓት በፈተና ማካካሻ አትውሰዱብን። በየሰፈሩ የቀድሞ ወታደሮች አሉ፤ ከናቅፋም ከባድመም የተመለሱ። ሸዋ በር ቡና ሲጠጡ አያቸዋለሁ። መጥተው ከልጆቹ ጋር ይቀመጡ፤ መጽሐፉ የተሳሳተውንም ይንገሩን። ልጅ ሲያነብ ቢያለቅስ ደግሞ አትደንግጡ። ቁስል ተሸፍኖ ሲከርም ያመረቅዛል። እኛ ክፍል ያለቀሱ ልጆች አሉ፤ በማግስቱ ተመልሰው መጥተዋል።

እናንተም አንብቡ። ይህን በድፍረት አይደለም የምለው። ትልቅ ኃላፊነት የያዘ ሰው ጊዜ እንደሌለው አውቃለሁ። የቱሺንን ታሪክ ብቻ ብታነቡ ከአንድ ስብሰባ ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስድባችሁ። በአማርኛ የተረጎምኩት በእጄ ጽሑፍ አለ፤ ፎቶ ኮፒ አድርጌ አመጣላችኋለሁ።

ክበባችን ሐሙስ ሐሙስ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ይገናኛል። ከ"ኦሮማይ" የተገነጠሉትን የፊት ገጾች ተማሪዎቹ ከሌላ ቅጂ በእጃቸው ገልብጠው መልሰው ሰፍተዋቸዋል። የስድስት ልጅ የእጅ ጽሑፍ አለበት። አሁን ያ ጥጉ የታጠፈው ገጽ ላይ ደርሰናል። እጥፋቱን አላቀናነውም። በሚመጣው ሐሙስ ከዚያ እንቀጥላለን። ከእናንተ የሚመጣ ካለ ወንበር አለ። ያን ገጽ ያጠፈው ልጅ በሕይወት ካለና ይህን ካነበበ፣ እሱም ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአማርኛ መምህር፣ ደሴ